ዮሐንስ 21ን እየሣልኩ ነው፤ ታንኳው የጣና ይሁን ወይስ የገሊላ?

የደንገል ዳር (ጠያቂ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን ወንድሞች፣ እህቶች።

የምኖረው ባሕር ዳር ነው። አስተማሪ ነኝ፤ እሑድ ከሰዓት ደግሞ ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን አስተምራለሁ። የሥዕል ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ከእጄ እርሳስ ጠፍቶ አያውቅም።

ከሁለት ዓመት በፊት ወንጌል ሳነብ አንድ ነገር አስጨነቀኝ። ዓይኔ በመስመሩ ላይ ይሮጣል፤ ልቤ ሌላ ቦታ ነው። ምዕራፉን ጨርሼ «ምን አነበብሽ?» ብባል መልስ የለኝም። ስለዚህ አንድ ትልቅ ደብተር ገዛሁ። በግራው ገጽ ክፍሉን በእጄ እገለብጣለሁ። በቀኙ እሥለዋለሁ። በሳምንት አንድ ክፍል፣ ከዚያ አይበልጥም።

ማንበብ ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ብሩሽ የያዘ ሰው «ከዚያም ወጣ» የሚለውን ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም። በየት ወጣ? ማን ከፊት ነበር? ፀሐይዋ በየት በኩል ናት? አምስት ሺሁ ሰው በተመገበበት ስፍራ ብዙ ሣር እንደነበረ ዮሐንስ መጻፉን ያየሁት አረንጓዴ ቀለም ስበጠብጥ ነው። ማርቆስ ደግሞ ሣሩ የለመለመ መሆኑን ይነግረናል። ያንን ታሪክ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! ሣሩን ግን አንድም ቀን አላየሁትም ነበር።

ዘንድሮ በሃምሳው ቀናት የዮሐንስ ወንጌል መጨረሻ ላይ ደረስኩ። ምዕራፍ 21። ከትንሣኤ በኋላ ሰባት ደቀ መዛሙርት በጥብርያዶስ ባሕር ሌሊቱን ሙሉ ሲደክሙ አድረው ምንም አላገኙም። ሲነጋ ጌታ ዳር ላይ ቆሟል። መረቡን በቀኝ በኩል እንዲጥሉ ይነግራቸዋል። 153 ትልልቅ ዓሣ! ይህን በደብተሬ ብቻ መተው አልሆነልኝም። የልጆቹ ክፍል ግድግዳ ባዶ ነው። ሁለት ሜትር አቡጀዲ ገዝቼ በእንጨት ላይ ወጠርኩ። ኮላና ጄሶ ቀባሁት፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት፤ ደግሜ ቀባሁት። በጣና ገዳማት ብዙዎቹ ሥዕሎች በጨርቅ ላይ ተሠርተው ነው ግድግዳው ላይ የተለጠፉት። ያንን ሳስብ እጄ ይበረታል። ቀለሜ ግን የዘመኑ አክሪሊክ ነው።

ችግሩ ከታንኳው ጀመረ። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ «ታንኳ» ነው የሚለው። ሐይቅ ዳር ላደገ ሰው ታንኳ ሲባል ምን እንደሚመጣለት ታውቃላችሁ፤ የደንገሉ ነው። ጠዋት ጠዋት ከሐይቁ ሲመለሱ አያቸዋለሁ። እኔም እንዳየሁት ሣልኩት። ሰባቱንም በደንገል ታንኳ ላይ ደርድሬ ለጴጥሮስ ረጅም መቅዘፊያ አስያዝኩት።

ወስጄ ሰቀልኩት። አንድ ትልቅ ሰው ገብተው አዩና «ገሊላን ጣና አደረግሽው። ጴጥሮስ የሠፈራችን አጥማጅ አይደለም። አውርጂው» አሉኝ። ልጆቹ ፊት ነው። ምንም አልመለስኩም። አወረድኩት፤ ቤት ወስጄ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ አቆምኩት። አሥር ቀን አልነካሁትም። ቅር ብሎኛል፤ አልደብቃችሁም። ግን ደግሞ ትክክል ቢሆኑስ እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።

እንጀራውም አለ። ወደ ምድር ሲወጡ ፍም፣ በላዩም ዓሣ፣ እንጀራም አዩ ይላል። እንጀራ ልሣል? ልጆቹ የጤፍ ነው የሚመስላቸው። ዓሦቹንም ልክ 153 ማድረግ እፈልጋለሁ፤ ልጆች መቁጠራቸው አይቀርምና። ሰባ አካባቢ ስደርስ ይጠፋብኛል።

ከሁሉ ያስቸገረኝ ግን የጴጥሮስ ዓይን ነው። የአባቶቻችንን ወግ ታውቃላችሁ። ጻድቅ ፊቱ ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይን ይሣላል። ክፉ ሰው በጎን፣ በአንድ ዓይን። ይህንኑ ለማየት ዘጌ ተሻገርኩ። በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገብቼ የመቅደሱ ግድግዳ ፊት ቁጭ አልኩና ዓይን ብቻ ሳይ ዋልኩ። እዚያ በላዔ ሰብእም አለ። 78 ሰው በልቶ በእመቤታችን ስም በሰጠው ጥርኝ ውኃ የዳነው። እሱን ሳይ ጴጥሮስ መጣብኝ።

በሥዕሌ ጥግ፣ ትንሽ አድርጌ፣ የክህደቱን ሌሊት ማስገባት ፈልጌአለሁ። ምክንያቱም ፍሙ አንድ ነው። ዮሐንስ 18 ላይ ብርድ ስለነበረ ሎሌዎቹ ፍም አንድደው ይሞቃሉ፤ ጴጥሮስም አብሯቸው ቆሞ ይሞቃል። እዚያ ነው ሦስት ጊዜ የካደው። ምዕራፍ 21 ላይ ደግሞ ሌላ ፍም አጠገብ ሦስት ጊዜ «ትወደኛለህን?» ተባለ። ይህንን ከማንም አልሰማሁትም። ለአንዱ ፍም የበጠበጥኩት ቀይና ብርቱካን ቀለም ተረፈኝና ለሌላው ልጠቀምበት ብሩሹን ስነክር ነው ያየሁት። ብሩሹን አስቀምጬ አለቀስኩ።

እና በዚያ ሌሊት ለጴጥሮስ ስንት ዓይን ልስጠው? አንድ ብሰጠው ይሁዳ ይመስልብኛል። ሁለት ብሰጠው የካደ አይመስልም። የምታውቁ እባካችሁ ምከሩኝ።

የአጥማጅ ልጅ

እህቴ፣ ስለ ሥዕል የማውቀው የለም። ስለ ታንኳ ግን ልንገርሽ።

አባቴ ዕድሜውን ጣና ላይ ነው የጨረሰው። እኔም እስከ ስምንተኛ ክፍል ጠዋት ጠዋት አብሬው ወጥቻለሁ። ለዓሣ የሚወጣው የደንገል ታንኳ አንድ ሰው፣ ቢበዛ ሁለት ነው የሚይዘው። እንጨት የሚጭኑት ተለቅ ይላሉ። ያም ሆኖ ታንኳ ላይ የተቀመጠ ሰው መቀመጫው ደረቅ ሆኖ አያውቅም። ደንገሉ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ዳር አውጥተሽ ፀሐይ ላይ ካላሰጣሽው ብዙ አይቆይም። ሰባት ጎልማሳ ደርድረሽበት ከሆነ ያንን ያየ አጥማጅ ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል። ሰውዬው የተናገሩበት መንገድ አላስደሰተኝም። ታንኳው ግን አይሆንም።

ሌላው ነገር ፊታቸው ነው። ፊታቸውን እንዴት አድርገሽ ሣልሽው? መረብ ማታ ይጣላል፣ ጎሕ ሲቀድ ይነሣል። ባዶ የወጣ ቀን አባቴ አይናገርም ነበር። መረቡን ያራግፋል። የገባበትን ቅጠል አንድ በአንድ ይለቅማል። ዳር የሚጠብቁ ገዢዎች ከሩቅ «ዓሣ አለ?» ብለው ይጣራሉ። «የለም» ይላል፤ ቀና ብሎ አያይም። ወንጌሉ ላይ ጌታ ዳር ቆሞ የሚበላ ነገር እንዳላቸው ሲጠይቃቸው እኔ የምሰማው ያንን ጥሪ ነው። መልሳቸውም አጭር ነው። የለንም። ማን እንደሆነ አለማወቃቸው አይገርመኝም። ባዶ መረብ ይዞ የሚመለስ ሰው ዳር የቆመውን ሰው ፊት አያይም።

እጃቸውንም ተጠንቀቂ። የመረብ ክር ሲጎትቱት ጣት ይቆርጣል። አባቴ ሌባ ጣቱ መታጠፊያ ላይ የማይድን ቁስል ነበረው፤ ክረምት ከበጋ። ለስላሳ እጅ ሰጥተሻቸው ከሆነ አስተካክዪው።

ፍሙ ላይ ያለውን ዓሣ ደግሞ አምባዛ እንዳታደርጊው። አምባዛ ቅርፊት የለውም። ዘሌዋውያን 11 ላይ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን አትብሉ ይላል፤ እነዚያ ሰዎች አይሁድ ናቸው። ቆሮሶ አድርጊው። ሰፊ ነው፣ ጀርባው ጎበጥ ያለ፣ የላይኛው ክንፉ እሾህ አለው። ቅርፊቱ ፍም ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ ይነጣል፣ ከዚያ ጫፍ ጫፉ እየተጠቀለለ ይጠቁራል። ያንን ብትሥይው ሽታው ራሱ ይመጣል።

ዘቅኔ ማኅሌት

ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልሽ እህቴ። በዲቁና አገለግላለሁ፤ የወንጌል ትርጓሜም ጥቂት ተምሬአለሁ። የማውቀውን ያህል ልበል።

አስቀድሞ ሁለት ነገር እንለይ። ለጸሎት የሚቆም ቅዱስ ሥዕል አለ፤ ለማስተማር የሚሣል ሥዕል አለ። የመጀመሪያው ሥርዓት አለው። ይሰገድለታል፣ ይታጠናል፣ ሠዓሊውም በጾምና በጸሎት ነው የሚሠራው። ዳጋ እስጢፋኖስ ያለውን የእመቤታችንን ሥዕል ለማየት በቅቻለሁ። ፍሬ ጽዮን የተባለው መነኩሴ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የሣለው፣ ስሙም የተጻፈበት ነው። ፊቱ የቆመ ሰው ታሪክ አያነብም፤ ይጸልያል። ያንቺ ግን ታሪክ የሚነገርበት ነው። ልጅ በጣቱ እየነካ «ይሄ ማነው?» የሚልበት። ሁለቱም በአክብሮት ይሠራሉ፤ ሚዛናቸው ግን አንድ አይደለም። ሰውዬው ሁለቱን ስላልለዩ ይመስለኛል የደነገጡት። ቢሆንም ልጆች ፊት መናገራቸው ልክ አይደለም። ጌታ ወንድምህ ቢበድልህ ብቻህን ሆነህ ንገረው ነው ያለው። አንቺም ሥዕሉን ይዘሽ መጀመሪያ ለአጥቢያሽ አባት አሳዪ። በቡራኬ የገባ ነገር በሐሜት አይወጣም።

የአገራችንን ሰው በቅዱስ ታሪክ ውስጥ ማስገባት ነውር ነው ለሚሉት ደግሞ ደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴን እጠቅሳለሁ። እቴጌ ምንትዋብ ራሷ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ ተሥላለች። የ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንግሥት ናት። አባቶቻችን የሄሮድስን ጭፍሮች ሲሥሉም በዘመናቸው ባዩት ልብስና መሣሪያ ነበር።

ስለ ቃሉ። ግእዙ ታንኳ አይልም፤ ሐመር ነው የሚለው። እንጀራም አይልም፤ ኅብስት ነው። የአማርኛ ተርጓሚዎች «እንጀራ» ያሉት ሕዝቡ ምግቡንም ኑሮውንም በዚያ ስለሚጠራው ነው። እንጀራ ፍለጋ ወጣ እንላለን፤ ጤፍ ማለታችን አይደለም። ዮሐንስ 6 ላይ ልጁ የያዘው አምስት የገብስ እንጀራ ነው። ስለዚህ የገብስ ቂጣ ሣዪ። ክብ፣ ወፈር ያለ፣ ዳር ዳሩ የተጠበሰ። ልጆቹ ያውቁታል፤ ከታሪኩም አይርቅም።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። መረቡን ቀደድሽው እንዴ? ብዙ ሰው ይሄንን ከሉቃስ 5 ጋር ይቀላቅለዋል። በሉቃስ መረቡ ሊቀደድ ይደርሳል፣ ሁለት ታንኳ ይሞላል። በዮሐንስ 21 ግን ዓሣው ያን ያህል ሆኖ መረቡ አልተቀደደም። ያኔ ከሞት በፊት፣ አሁን ከትንሣኤ በኋላ። መረቡን ስትሥዪ እያንዳንዱ ቋጠሮ ሙሉ ይሁን።

በጎቹንም አትርሺ። ጌታ ለጴጥሮስ ሲሰጠው ግልገል፣ ጠቦት፣ በግ እያለ ለይቶ ነው። አባቶች ሦስቱን ለ12ቱ ሐዋርያት፣ ለ72ቱ አርድእት፣ ለ36ቱ ቅዱሳት አንስት ሰጥተው ይተረጉማሉ። ከኋላ ዳገቱ ላይ ሦስት ዓይነት መጠን ያላቸው በጎች ብታደርጊ ለሚያውቅ ይናገራሉ።

አሁን ወደ ዓይኑ። ደንብ አድርጌ አይደለም የምነግርሽ፤ እኔ የማስበውን ነው። በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰው ፊቱን ያዞረ ሰው ነው። ከኛም ከጌታም። ጴጥሮስ በካደበት ሌሊት ግን የሆነውን ሉቃስ 22፥61 ላይ ተመልከቺ። ጌታ ዘወር ብሎ ጴጥሮስን ተመለከተው ይላል። ጴጥሮስም ወጥቶ ምርር ብሎ አለቀሰ። ይሁዳ ወደ ጨለማ ነው የወጣው፤ ጴጥሮስ ግን እየታየ ነው የወጣው። ስለዚህ ሁለቱንም ዓይን ስጪው። አንዱን በነጠላው ጫፍ ሸፍኚው። እንባውን ሲጠርግ።

የደንገል ዳር

ቃለ ሕይወት ያሰማልን ዲያቆን። «በነጠላው ጫፍ ሸፍኚው» የሚለውን አንብቤ ስልኬን አስቀምጬ ዝም አልኩ። ለምን እንዳልመጣልኝ አላውቅም።

አዎ፤ መረቡን ቀድጄው ነበር። ሦስት ቦታ። ሉቃስን እያሰብኩ መሆኔን እንኳ አላወቅኩም። ደብተሬን ገልጬ በግራው ገጽ በእጄ የጻፍኩትን አየሁ። «መረቡ አልተቀደደም» ብዬ ራሴ ጽፌዋለሁ። ዛሬ ማታ ቀዳዳዎቹን በነጭ ሸፍኜ ቋጠሮውን ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።

የአጥማጁ ልጅ፣ ወንድሜ፣ የአባትህን ጣት ለጴጥሮስ ልሰጠው ነው። ትፈቅድልኛለህ?

የአጥማጅ ልጅ

አባቴ አርፏል። ስጪው። የቀኝ እጁ ነው።

ነጭ ግድግዳ

ጌታ ይባርክሽ እህቴ። እኔ ወንጌላዊ አማኝ ነኝ፤ እዚሁ ባሕር ዳር። ያደግኩበት ጸሎት ቤት ግድግዳው ነጭ ነው። ሥዕል አይሰቀልበትም። ስለዚህ መሣል ስጀምር ፈርቼ ነበር። ዘጸአት 20ን፣ የተቀረጸ ምስል አታድርግ የሚለውን፣ እያነበብኩ ብዙ ጊዜ ቀለሜን ዘግቻለሁ። ያጽናናኝ እዚያው ዘጸአት ውስጥ ምዕራፍ 31 ነው። እግዚአብሔር ባስልኤልን በመንፈሱ ሞላሁት ሲል ለስብከት አይደለም፤ ለእጅ ሥራ ነው። አሁን በማጥኛ ደብተሬ ዳርና ዳር እሥላለሁ። ለማንም አላሳየሁም፤ ይሄንን ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው።

ስለ ፍሙ ያልሽው ልቤን ነካው። እኔ የምጨምረው፣ በግሪኩ ለሁለቱም ቦታ የተጻፈው ያው አንድ ቃል ነው፤ አንትራኪያ። በአዲስ ኪዳን ሙሉ ያ ቃል የሚገኘው እነዚህ ሁለት ቦታዎች ላይ ብቻ ነው። የተረፈሽ ቀለም ትክክለኛ ቦታው ላይ ነው የዋለው።

ለቆጠራው ደግሞ ቀላል መንገድ አለ። ከ1 እስከ 17 ያሉትን ቁጥሮች ብትደምሪያቸው በትክክል 153 ይሆናሉ። ይህንን አውግስጢኖስ ከጥንት ጽፎታል። አሥሩን ትእዛዛትና ሰባቱን የመንፈስ ስጦታዎች ደምሮ ነው 17 ያለው። ለሠዓሊ ግን ሌላ ጥቅም አለው። መረቡን ሦስት ማዕዘን አድርጊው። ጴጥሮስ የሚጎትተው ጫፍ ላይ 1 ዓሣ፣ ቀጥሎ 2፣ ቀጥሎ 3፣ እንዲህ እያልሽ የመጨረሻው ረድፍ ላይ 17። እያንዳንዱን ረድፍ ብቻ ትቆጥሪያለሽ፤ ጠቅላላው አይጠፋብሽም። ወደ ዳር የሚጎተት መረብም ቅርጹ እንደዚያው ነው፤ ጫፉ ጠበብ፣ ሆዱ ሰፋ። እኔ በእርሳስ ሞክሬዋለሁ፤ ይሠራል።

ተሳላሚት

ልጄ፣ የልጅ ልጄ ነው የምጽፈውን የሚተይብልኝ። ለትንሣኤ ኢየሩሳሌም ተሳልሜ የመጣሁ ነኝ። በዚያው ገሊላም በአውቶቡስ ወስደውን ነበር። ያየሁትን ልንገርሽ፤ ይጠቅምሽ ይሆናል።

ያ የምትሥዪው ቦታ ታብጋ ይባላል። ውኃው ዳር ጥቁር ድንጋይ ያለው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ውስጡ ገላጣ አለት አለ። ጌታ ቁርስ ያበላቸው እዚያ ላይ ነው ብለው ነገሩን። ጫማዬን አውልቄ ውኃው ውስጥ ቆምኩ። ሞቅ ያለ ውኃ ነው፤ እንደ ጣና ጠዋት አይቀዘቅዝም። ባሕር ይሉታል እንጂ ማዶው ይታያል። ርዝመቱ 21 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ስፋቱ 13 ቢሆን ነው አሉን። የኛ ጣና ስንት እጥፉ ነው! ማዶውን ተራራ ሣዪበት፤ ባዶ ሰማይ አታድርጊው። ፀሐይ የምትወጣውም በዚያ ማዶ ነው፤ ታብጋ ዳር ከቆምሽ ከፊትሽ። ስለዚህ ጎሑ ከታንኳው በስተኋላ፣ ብርሃኑ ግን ዳር በቆመው በጌታ ፊት ላይ ያርፋል።

መርከቡንም አይቻለሁ። ጌኖሳር የሚባል ቦታ፣ በጌታ ዘመን የነበረ የአጥማጆች ጀልባ በመስታወት ቤት አስቀምጠውታል። ባሕሩ በድርቅ ሲሸሽ በ1986 እ.ኤ.አ. ሁለት አጥማጅ ወንድማማቾች ከጭቃው ውስጥ ያገኙት ነው። ከስምንት ሜትር ትንሽ ያልፋል። ሰባት ሰው በደንብ ይይዛል። ዓይኔ የቀረው ግን እንጨቱ ላይ ነው፤ ከብዙ ዓይነት እንጨት የተጠጋገነ ነው። አንዱ ሳንቃ ሲያልቅ በሌላ ቁራጭ ደፍነውታል። የድሃ ጀልባ ነው ልጄ። እዚያ ቆሜ የእናቴን የተጣጣፈ ቀሚስ አስታወስኩ።

ደንገሉን ግን አትጣዪው። ከገሊላ በስተሰሜን ሁላ በሚባል ረግረግ ደንገል ይበቅላል፤ በመንገድ አሳይተውናል። በሥዕልሽ ዳርቻ ጥቂት ብታበቅዪ ማን ይከለክልሻል። እግዚአብሔር እጅሽን ይባርክልኝ።

የደንገል ዳር

አሜን እናቴ። እግዚአብሔር ያክብርልኝ፤ የልጅ ልጅዎንም ያሳድግልዎት።

ሦስት ሳምንት ዘግይቼ ነው የተመለስኩት፤ ይቅርታ። ሥራው ስላላለቀ ነው።

ታንኳውን በጄሶ ሸፍኜ በእንጨት ጀልባ ተካሁት። ሳንቃዎቹን በአራት ዓይነት ቡናማ ቀባኋቸው። አንዱን በጣም አስጠቆርኩት፤ አንዱን ገና አዲስ እንደተመታ አድርጌ ቢጫ ጨመርኩበት። ያንን ሳደርግ ተሳላሚት እናቴ ስለ ቀሚሱ የጻፉት ከአእምሮዬ አልወጣም። ደንገሉ አሁን በግራ ጥግ ውኃው ዳር ቆሟል። ማዶው ተራራ አለ። ጎሑን ለማግኘት ሦስት ቀን ጠዋት በ11 ሰዓት ተኩል ተነሥቼ ሐይቁ ዳር ቆሜአለሁ። መጀመሪያ ግራጫ ነው፣ ከዚያ የሽንኩርት ልጣጭ የመሰለ ሐምራዊ ይሆናል፤ ወርቃማው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ ለአጭር ጊዜ። እኔ ሐምራዊውን መረጥኩ። ገና ማን እንደሆነ ያላወቁበት ሰዓት ስለሆነ።

ጴጥሮስ መረቡን በቀኝ እጁ ይዟል። ሌባ ጣቱ መታጠፊያ ላይ ትንሽ ቀይ አለች። ቀረብ ካላሉ አትታይም። ጥግ ላይ ባለችው ሌሊት ደግሞ ነጠላውን ወደ ፊቱ አንሥቷል፤ አንዱ ዓይኑ ተሸፍኗል፣ ሌላው ይታያል። ከሁሉ የዘገየሁት እዚያች ላይ ነው። የበግ ፀጉር የምታክል ብሩሽ ነው የተጠቀምኩት። ሁለቱ ፍሞች ከአንድ ሣህን ተቀቡ።

ዓሦቹ በ17 ረድፍ ገቡ። ወንድሜ ነጭ ግድግዳ፣ ደብተርህን አንድ ቀን ብታሳየኝ ደስ ይለኛል።

ዲያቆን እንዳሉኝ መጀመሪያ ለአባታችን አሳየሁ። መነጽራቸውን አውጥተው ብዙ ጊዜ ዝም ብለው አዩት። ከዚያ «ሰባተኛው የት አለ?» አሉኝ። ቆጠርን። ስድስት ናቸው! ጴጥሮስን ዳር ላይ ስለሣልኩት በጀልባው ውስጥ ያሉትን ነበር የቆጠሩት። ጣታቸውን ጴጥሮስ ላይ አድርገው «ይሄ አስቀድሞ ወጥቷል፤ አዎ፣ አዎ» አሉ። ባረኩት። የዚያን ጊዜ የተቆጡኝ ሰውም መጥተው አይተውታል። ደንገሉን ሲያዩ ፈገግ አሉ። ሌላ ምንም አልተባባልንም፤ እጃቸውን ግን ጨብጫለሁ።

እሑድ ዕለት ልጆቹ ቆጠሩ። እኔ 153 ብያቸዋለሁ። አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ «154 ነው» አለች። ድጋሚ ቁጠሪ አልኳት። ቆጠረች። 154። ልቤ ደነገጠ፤ አብሬያት ከጫፉ ጀምሬ ረድፍ በረድፍ ቆጠርኩ። መረቡ ውስጥ 153 ናቸው። እሷ ፍሙ ላይ ያለውንም ጨምራ ነው።

ጣቷን እዚያ ዓሣ ላይ አድርጋ «ይሄን ማን አጠመደው?» አለችኝ። «እነሱ ገና መምጣታቸው ነው። ይሄ ግን ቀድሞ እየተጠበሰ ነው።»

መጽሐፉን ገልጬ አነበብኩ። እውነቷን ነው። መረቡ ሳይወጣ በፊት ፍሙም ዓሣውም እንጀራውም ዳር ላይ ነበሩ። ዲያቆን፣ ለሚመጣው እሑድ እነግርሻለሁ ብያታለሁ። ምን ልበላት?